ማታ የት ያድራሉ? የዶልፊን ትርኢት ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት

ልጄ ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ባሕር ማዶ የምትኖረው እህቴ "ክረምቱን እኔ ጋ አሳልፉ" ብላ ጠራችን። የሐረር ቡና፣ በርበሬና ለልጆቿ ሐልዋ ይዘን ሄድን። በደረስን በሦስተኛው ቀን እህቴ ከሥራ ስትመለስ ትኬት ይዛ መጣች። የዶልፊን ትርኢት። ያውም የፊት ረድፍ፣ ውኃው የሚረጭበት።

የከተማውንም የቦታውንም ስም አልጠራም። ትርኢቱ ግን ያምር ነበር፤ ይህን ካልነገርኳችሁ ቀሪውን አታምኑኝም። ዶልፊኖቹ ዘለሉ፣ ኳስ ተቀባበሉ፣ አንዱ ብሩሽ በአፉ ይዞ ሥዕል ሳለ። ልጄ መዳፏ እስኪቀላ አጨበጨበች። እኔም አጨበጨብኩ። ሲያልቅ ሽንት ቤት ስንፈልግ መንገድ ተሳሳትንና ጓሮ ወጣን። ከሽቦ አጥሩ ወዲያ ክብ ገንዳ አለ። አንድ ዶልፊን ብቻውን ይዞርበታል። ጥላ የለም። ከውኃው ጥራት የተነሣ የሲሚንቶው ስንጥቅ ሳይቀር ይታያል። ልጄ ሽቦውን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች።

"እማ፣ ማታ የት ነው የሚያድሩት?"

"እዚሁ ነው መሰለኝ" አልኳት።

"እዚህ?"

ድሬዳዋ ውስጥ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ 17 ዓመት አልፎኛል። "ዶልፊንና ዓሣ ነባሪ ዓሣ አይደሉም፣ አጥቢ ናቸው" እያልኩ ስንት ክፍል አስጽፌያለሁ። ይህን ጥያቄ ግን አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ። አሁን ወደ ባሕረ ሰላጤው፣ ወደ ግብፅ ወይም ወደ ቱርክ የሚሄድ ሰው ሲያገኘኝ "ልጆቹን ዶልፊን ላሳያቸው?" ይለኛል። ድሬ ደግሞ ዘመድ ባሕር ማዶ የሌለው ቤት ማግኘት ከባድ ነው። ለእነሱ የምነግራቸውን ነው እዚህ የምጽፈው። ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ እንስሳውን እወቁት

ትኬት ሻጩ ከሚነግራችሁ በፊት ጥቂት ነገር ይዛችሁ ሂዱ። ብዙ አያስፈልግም።

ዶልፊን እንደ እኛ በሳንባ ነው የሚተነፍሰው። ለመተንፈስ አውቆ ወደ ላይ መውጣት አለበት። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ አይተኛም፤ ግማሽ አንጎሉ ሲያርፍ ግማሹ ነቅቶ ይጠብቃል። እናቲቱ አንድ ዓመት ያህል ታረግዛለች፣ ሁለት ዓመት ገደማ ታጠባለች፣ ግልገሉ ከዚያም በኋላ ለዓመታት ከጎኗ አይጠፋም። እያንዳንዱ ዶልፊን የራሱ የሆነ ፉጨት አለው፤ ጓደኞቹ በዚያ ፉጨት ይለዩታል፣ ይጠሩታልም። ስም ነው ማለት ይቻላል።

የሚያየው በዓይኑ ብቻ አይደለም። ድምፅ ይልካል፣ የተመለሰውን ማሚቶ ሰምቶ ከፊቱ ያለውን ያውቃል። የእኛ ጆሮ ከ20 ሺህ ኸርዝ በላይ አይሰማም። የእሱ ከ100 ሺህ በላይ ይሰማል። ባሕር ውስጥ በቀን ብዙ አሥር ኪሎ ሜትሮችን ይዋኛል። ገዳይ ዓሣ ነባሪ የሚሏት ኦርካ ደግሞ የዶልፊን ዘመድ ናት፤ ከቤተሰቡ ሁሉ ትልቋ። እሷ በቀን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ልትጓዝ ትችላለች። ከድሬ ሐረር ደርሶ መመለስ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ያዙልኝ። ዶልፊን ፈገግ አይልም። አፉ የተሠራው እንደዚያ ነው። ሲታመምም ያው ፊት ነው፣ ሲሞትም ያው ፊት ነው። ብዙ ሰው ገንዳው ዳር ቆሞ "ደስ ብሎት የለ!" የሚለው ይህችን ባለማወቅ ነው። እኔም ብዬዋለሁ።

እዚያ ከደረሳችሁ ዓይናችሁን የት ታሳርፋላችሁ

ትኬቱ ተገዝቶ፣ ልጆቹ ለብሰው፣ መኪና ውስጥ ከሆናችሁ ሂዱ። ቤት ቀርታችሁ ከምትፈርዱ አይታችሁ ብትፈርዱ ይሻላል። ግን ከትርኢቱ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ፣ ሲያልቅም ወዲያው አትውጡ። ለማየት የተዘጋጀውን ሳይሆን ያልተዘጋጀውን ፈልጉ።

ሰዓታችሁን አውጡና ዙር ቁጠሩ። አንድ እንስሳ ምረጡ፣ አሥር ደቂቃ ከእሱ ዓይናችሁን አትንቀሉ። ጓሮ ያየነውን ዶልፊን እኔና ልጄ ስንቆጥር ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ፣ በየዙሩ እዚያው ቦታ ላይ ብቅ እያለ ይተነፍስ ነበር። መካነ እንስሳት ውስጥ አንበሳ ከግድግዳ ግድግዳ ሲመላለስ አይታችሁ ይሆናል። አንድ ነው። እንስሳ የሚያደርገው ሲያጣ አንዱኑ ነገር ይደጋግማል። ውኃው ላይ እንደ ግንድ ተንሳፎ ረጅም ሰዓት የማይንቀሳቀስም ካለ ልብ በሉት። ሊያርፍ ይችላል፤ ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ከሆነ ግን ዕረፍት አይደለም።

ከዚያ ቆዳውን እዩ። ጎን ለጎን የተሰመሩ ጭረቶች የሌላ ዶልፊን ጥርስ ናቸው። እውነቱን ለመናገር ባሕር ውስጥም ይነካከሳሉ። ልዩነቱ ባሕር ውስጥ የተሸነፈው ርቆ ይሄዳል፤ ገንዳ ውስጥ ግን የሚሸሽበት የለም። ዓይኑን ጨፍኖ የሚዋኝ ካለ ውኃውን አሽትቱ። ክሎሪን ከሸተታችሁ የእናንተን ዓይን የሚያቃጥለው የእሱንም ያቃጥለዋል።

የኦርካ ትርኢት ከሆነ የወንዱን የጀርባ ክንፍ ተመልከቱ። ባሕር ላይ እንደ ጦር ቀጥ ብሎ የሚቆም ነገር ነው። ገንዳ ውስጥ የኖሩ ትልልቅ ወንዶች ክንፍ ግን ሁሉም ለማለት በሚቻል ደረጃ ወደ ጎን ይታጠፋል። ባሕር ውስጥም አልፎ አልፎ ይታጠፋል፤ ግን ጥቂት ነው።

ጥላ ፈልጉ። እኛ የድሬ ሰዎች ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገንም። ግንቦት ላይ ሰባት ሰዓት ሲሆን ከዚራ ሰፈር በዛፎቹ ጥላ ሥር መሄድና ሜዳ ላይ መሄድ አንድ ነው? ባሕር ውስጥ ዶልፊን ፀሐይ ሲበዛበት ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ጥልቀት የሌለው ገንዳ ውስጥ ወዴት ይወርዳል? ቆዳው ደግሞ ፀሐይ ያቃጥለዋል።

ድምፅ ማጉያውንም ስሙት። የእህቴ ልጆች ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ጆሯቸውን ይዘው ነበር። ያ ጆሮ የእኛ ጆሮ ነው።

ምግቡን ደግሞ። የሚሰጣቸው በረዶ ሆኖ ቆይቶ የቀለጠ ዓሣ ነው። ዶልፊን የባሕር ውኃ ጠጥቶ አይኖርም፤ ውኃ የሚያገኘው ከሚበላው ዓሣ ነው። የቀዘቀዘ ዓሣ ውኃውም ቫይታሚኑም ይቀንሳል። ለዚህ ነው አሠልጣኙ አንዳንዴ በዓሣው ስንጥብ ውስጥ ኪኒን ሲከት የምታዩት። ይህ ጭካኔ አይደለም፣ እንዲያውም ጥሩ እንክብካቤ ነው። ግን ምን ያህል ነገር በእጅ መተካት እንዳለበት ያሳያል።

ሠራተኛውን በትሕትና ጠይቁት

አሠልጣኞቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ብዙዎቹ እንስሳቱን ከልባቸው የሚወዱ ወጣቶች ናቸው። እኔ ያናገርኳት ልጅ ስለ ዶልፊኖቹ ስትናገር ዓይኗ ይበራ ነበር። ስለዚህ ለመክሰስ አትጠይቁ፣ ለማወቅ ጠይቁ።

ዋናው ጥያቄ ከየት መጣ የሚለው ነው። "ስሙ ማነው? ስንት ዓመቱ ነው? የት ተወለደ? እናቱስ የት ናት?" በሏቸው። ስሙን ወዲያው ይነግሯችኋል። ስለ እናቱ ሲደርስ አንዳንዱ ዝም ይላል፣ አንዳንዱ "አስተዳደሩን ጠይቁ" ይላል። ያቺ አሠልጣኝ ለእኔ የነገረችኝ "ከጃፓን ነው የመጣው" ብቻ ነበር።

በጃፓን ታይጂ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በየዓመቱ ከመስከረም ጀምሮ ለወራት ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ደርድረው ዶልፊኖችን በጩኸት እየነዱ ወደ ጠባብ ወሽመጥ ያስገባሉ። ብዙው ለሥጋ ይታረዳል። ወጣቱና መልኩ ያማረው ተመርጦ ለትርኢት ቤቶች ይሸጣል። በ2015 የዓለም መካነ እንስሳትና አኳሪየሞች ማኅበር በዚህ ምክንያት የጃፓኑን አባል ማኅበር አገደ፤ ጃፓኖቹም አባሎቻቸው ከታይጂ እንዳይገዙ ወሰኑ። ለሌላው ዓለም መሸጡ ግን አልቆመም።

እኛ ምሥራቅ ያለን ሰዎች ይህን ዓይነት ንግድ የማናውቀው አይደለም። የአቦሸማኔ ግልገል ከእኛው ቆላ እየተለቀመ በሶማሌላንድ በኩል ወደ ባሕረ ሰላጤው ሀብታሞች ቤት ይሄዳል። እናቲቱ ትገደላለች ወይም ትባረራለች። ከግልገሎቹ ብዙዎቹ መንገድ ላይ ያልቃሉ። ተርፎ ውድ መኪና ውስጥ ፎቶ የሚነሣው አንዱ ነው፤ ፎቶው ላይ ሌሎቹ የሉም። ዶልፊኑንም ስታዩ በዚያ ዓይን እዩት። አብረውት የነበሩትስ?

ሁለተኛው ጥያቄ፦ "ዛሬ አልሠራም ቢል ምግቡን ይበላል?" ጥሩ ቦታ ከሆነ "አዎ፣ የዕለት ምግቡን በማንኛውም ሁኔታ ያገኛል" ይሏችኋል። ጥያቄው ካስደነገጣቸው መልሱን አግኝታችኋል።

ሦስተኛው የልጄ ጥያቄ ነው። ማታ የት ያድራል? ያንን ቦታ አሳዩን።

"እዚሁ ነው የተወለደው፣ ሌላ አያውቅም" ሲሏችሁ

ይህ ከሁሉም ጠንካራው ክርክር ነው። በእውነትም ግማሽ እውነት አለው። ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼን ለሁለት ከፍዬ ሳከራክር የሚያሸንፈው ብዙ ጊዜ ይህን የያዘው ቡድን ነው። ስለዚህ ቆም ብለን እንየው።

በመጀመሪያ ባለጋራውን የሚጠቅመውን ልናገር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኦርካን የሚወድ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ዓሣ አጥማጆች እንደ አውሬ በጥይት ይተኩሱባት ነበር። በ1964 የካናዳው የቫንኩቨር አኳሪየም ሐውልት ሊያሠራ ሞዴል ፈልጎ አንዲት ኦርካ በጦር አስወጋ። ሳትሞት ቀረች። ሞቢ ዶል ብለው ስም አወጡላት፤ ኋላ ላይ ወንድ ሆኖ ተገኘ። ሦስት ወር ያህል ኖሮ ሞተ። ሰው ግን እያየው ፍርሃቱ ለቀቀው። ዶልፊን በማሚቶ እንደሚያይ ያወቅነውም በአብዛኛው ገንዳ ውስጥ ከተያዙት ነው። እኔ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ዕውቀት ከዚያ የመጣ ነው። ይህን ብክድ ለተማሪዎቼ እየዋሸሁ ነው።

አሁን ሌላውን ስሙ። በ1970 ነሐሴ ላይ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ፔን ኮቭ በተባለ ወሽመጥ ሰዎች በጀልባና በፈንጂ እያስደነበሩ 80 ያህል ኦርካዎችን ከበቡ። ሰባት ግልገሎች ተወሰዱ። መረብ ውስጥ ተጠላልፈው የሰመጡም ነበሩ። ከተወሰዱት አንዷ አራት ዓመት ገደማ የሆናት ቶኪታይ ነበረች። ማያሚ ወስደው ሎሊታ አሏት። የገባችበት ገንዳ ርዝመቱ 24 ሜትር፣ ወርዱ 11 ሜትር፣ ጥልቀቱ 6 ሜትር ነበር። 24 ሜትር ማለት እኔ የማስተምርበት ክፍል ሦስት ጊዜ ቢቀጠል ነው። እሷ ራሷ ስታድግ ከስድስት ሜትር በላይ ሆነች። ጥልቀቱ ቁመቷን አይችልም።

ከአንድ ወንድ ኦርካ ጋር ነበረች። እሱ በ1980 ሞተ። ከዚያ በኋላ ዘመዷ የሆነ ኦርካ አጠገቧ አልነበረም። በ2023 መጋቢት "ወደ ተወለደችበት ባሕር እንመልሳታለን" የሚል ዕቅድ ይፋ ሆነ። በዚያው ዓመት ነሐሴ 18 ገንዳው ውስጥ እንዳለች ሞተች። 53 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው፣ እዚያ ከገባች። እንደ ቤተሰብ የሚቆጥሯት የዚያ ባሕር ዳር የሉሚ ሕዝብ አመዷን ተቀብለው ባሕሯ ላይ በተኑት።

እና "ሌላ አያውቅም" ለሚሏችሁ፣ እሷ ታውቅ ነበር።

እዚያው የተወለዱትስ? እነሱን ዝም ብሎ ባሕር ውስጥ ልቀቁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት። ይህም ስሕተት ነው። ባሕር ውስጥ የተወለደው እንኳ መመለስ ይከብደዋል። ኬይኮ የሚባል ኦርካ በ1979 አይስላንድ ተይዞ ዓመታት ሜክሲኮ ሲቲ በትንሽ ገንዳ ኖረ። በ1996 ወደ ኦሪገን፣ በ1998 ወደ አይስላንድ ባሕር ወሰዱት። በ2002 ነፃ ሆኖ እስከ ኖርዌይ ዋኘ። ግን እዚያ እንደ ደረሰ ሰው ፈለገ። ልጆች ቀርበው ይዳስሱት ነበር። በ2003 ታኅሣሥ በሳንባ ምች ሞተ። ሁለቱም ወገኖች ይህን ታሪክ ይጠቅሱታል። አንዱ "አያችሁ፣ መልቀቅ አይሠራም" ይላል፤ ሌላው "አምስት ዓመት ባሕር አየ" ይላል። እኔ የምማረው ሌላ ነው። የለመደውን ሕይወት ከቀማህ በኋላ መመለስ ዓመታት፣ ገንዘብና ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ያም ሆኖ ላይሳካ ይችላል።

ስለዚህ መንገዱ ከባሕር አዲስ አለመያዝ፣ ማራባት ማቆም፣ ያሉትን ደግሞ ባሕር ዳር በታጠረ ሰፊ ወሽመጥ መጦር ነው። በ2019 ሻንጋይ ትርኢት ያሳዩ የነበሩ ሁለት ቤሉጋ ዓሣ ነባሪዎች ወደ አይስላንድ የተወሰዱት ለዚህ ነው። አገሮችም ወደዚያው እየሄዱ ናቸው። ሕንድ በ2013 ዶልፊን ቤት እንዳይከፈት ከለከለች። ካናዳ በ2019 ሕግ አወጣች፤ ያሉት ይቆዩ፣ አዲስ ግን አይያዝ፣ አይራባ ብላ። ፈረንሳይ በ2021 ተከተለች፤ ሜክሲኮ ደግሞ በ2025። በአሜሪካ ትልቁ የኦርካ ትርኢት ድርጅት ሲወርልድ ራሱ በ2016 ማራባት አቁሜያለሁ አለ። ሕግ ከመውጣቱ በፊት ግን በየአገሩ ትኬት መግዛት ያቆመ ሰው ነበር።

ሁሉም ቦታ አንድ እንዳልሆነም እወቁ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ1975 ጀምሮ የሚሠራ የባሕር አጥቢ እንስሳት ሕክምና ማዕከል አለ። የታመሙ የባሕር አንበሶችንና ሲሎችን ያነሣል፣ ያክማል፣ ወደ ባሕር ይመልሳል። እዚያ ኳስ የለም፣ ሙዚቃ የለም። "እኛ የምናድን ነን" የሚል ቦታ ካጋጠማችሁ "ዘንድሮ ስንቱን መለሳችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። የሚያድን ሰው ቁጥሩን በኩራት ይነግራችኋል።

ዘመድ ትኬት ቆርጦ ሲጠብቃችሁ

ይህ ክፍል ከሁሉም የከበደኝ ነው። እህቴ ያንን ትኬት ለመግዛት ስንት ሰዓት እንደ ሠራች አውቃለሁ። የሰው ቤት እያጸዳች ነው። "አልሄድም" ማለት ፊቷ ላይ ውኃ መድፋት ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ደግማ ስትጠራን ግን ቀድሜ ደወልኩላት። ትኬት ከተገዛ በኋላ ሳይሆን በፊት፤ ዘዴው እዚህ ላይ ነው። "አቦ፣ ባለፈው በጣም ደስ ብሎን ነበር፤ ዘንድሮ ግን ልጅቷ ያንን ጓሮ ያየችውን ዶልፊን እያሰበች አልቅሳለች፤ ባሕር ዳር ውሰጂን፣ ምሳ ይዘን እንሂድ" አልኳት። እህቴ ዝም አለች። ቀጥላ "እኔም እኮ አይቼዋለሁ" አለች። ለካ የምትሠራበት ቤት ልጆችን ይዛ ሦስት ጊዜ ሄዳለች።

ስለዚህ ሰው አትውቀሱ። ትኬት የገዛው ዘመዳችሁ ፍቅሩን ነው የገዛው። በእሱ ፋንታ ሌላ ነገር ጠይቁት፤ ቢቻል ትኬት የማያስፈልገው፣ እሱም አብሮ የሚያርፍበት።

ከዶልፊን ጋር መዋኘትና ፎቶ መነሣት ግን የማለዝብበት አይደለም። አይሆንም በሉ። እንስሳው ከባድና ኃይለኛ ነው፤ ሲሰለቸው ይገፋል፣ ይነክሳልም። በሽታም ከእኛ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ እኛ ይተላለፋል። ቀኑን ሙሉ የማያውቀው ሰው ሲነካካው መሸሽ አለመቻሉ ደግሞ አለ።

ለልጆች ስትነግሩ ሬሳና ደም አትጨምሩበት። ልጄን ያሳመናት ቁጥር አልነበረም። የማስተምርበትን ክፍል ርዝመት በእርምጃ ለካንና "የቶኪታይ ቤት ይህን ሦስት ጊዜ ነው" አልኳት። ጠመኔ ይዛ ግቢው ውስጥ ሣለችው። ጓደኞቿ ውስጡ ገብተው ሲሯሯጡ ዋሉ፤ ከዚያ አንዱ "ጠበበ" ብሎ ወጣ። ተማሪዎቼ ጋም በየዓመቱ ይህንኑ አደርጋለሁ። 24 በ11 ሜትር። ገመድና ጠመኔ ይበቃል።

ባሕር ድረስ መሄድ ከቻላችሁ

ድሬ ባሕር የላትም፣ ግን ባሕር ሩቅ አይደለም። ከተማችን በ1902 የተቆረቆረችው ከጅቡቲ በመጣው ባቡር ነው። ዛሬም በአዲሱ ባቡር ደወሌን አልፋችሁ ጅቡቲ ትገባላችሁ፤ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፓስፖርትና ቪዛ ቀድማችሁ ጨርሱ። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ዶልፊኖች በነፃነት ይታያሉ። ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ እንስሳ ወደ ዳርቻው ይጠጋል። እሱ ግን ዓሣ ነው። ጅራቱን እዩ፤ ዓሣ ወደ ግራና ቀኝ ያወዛውዛል፣ ዶልፊንና ዓሣ ነባሪ ወደ ላይና ወደ ታች። ለተማሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም።

ጀልባ ከመሳፈራችሁ በፊት ከባለ ጀልባው ጋር ተነጋገሩ። ዶልፊን ከታየ ሞተር ይቀንስ። ከፊት አይቁረጥባቸው፣ ከኋላም አያሳድዳቸው፤ ከጎን ሆኖ በእነሱ ፍጥነት ይሂድ። 50 ሜትር ያህል ይራቅ። እነሱ ራሳቸው ከቀረቡ ደስታ ነው። ሌሎች ጀልባዎች ቀድመው ከከበቧቸው እናንተ አትጨመሩ። ምግብ አትጣሉ። ክፍያውን ስትስማሙ "ባናይም እንከፍላለን" በሉት፤ ካልሆነ ገንዘቡን ላለማጣት ሲል ያሳድዳቸዋል።

ማለዳ ላይ ተሰብስበው ቀስ ብለው የሚዞሩትን በተለይ ተዉአቸው። ስፒነር የሚባሉት ዶልፊኖች ሌሊት ያድናሉ፣ ቀን ይተኛሉ። በግብፅ በቀይ ባሕር ዳር ሳማዳይ የሚባል ኮራል አለ። ዶልፊኖቹ የሚተኙት እዚያ ነው። ጎብኚ ሲበዛባቸው ከ2004 ጀምሮ ቦታው በክልል ተከፈለ፤ እነሱ የሚያርፉበት ክፍል ውስጥ ሰው አይገባም። ሰው ውጭ ሆኖ ይጠብቃል።

ይህም ካልተቻለ ሐረር አለ

ስለ ዶልፊን ጀምሬ ጅብ ጋ መድረሴ ለአንዳንዶቻችሁ ግራ ይሆን ይሆናል። ልጄን ከዚያ ጓሮ በኋላ የወሰድኳት ግን እዚህ ነው።

አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት የጁጎል ግንብ ከታች ቀዳዳዎች አሉት። ሐረሪዎች ዋራባ ኑዱል ይሏቸዋል፤ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው። ጅቡ ሌሊት በዚያ ይገባል፣ መንገዱን ያጸዳል፣ ይወጣል። በአሹራ ቅቤ ያለበት ገንፎ ይቀርብለታል፤ አበላሉን አይተው የዓመቱን ነገር ይገምታሉ። ፋላና በር አካባቢ ደግሞ ማታ ማታ ጅብ አብላው በስማቸው እየጠራ ሥጋ ይሰጣቸዋል። ያልመጣውን አያስመጣውም። አንዳንድ ምሽት ብዙ ይመጣሉ፣ አንዳንድ ምሽት ሁለት ብቻ፤ ጎብኚውም ያንን ተቀብሎ ይሄዳል።

ይህም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፍላሽ አታብሩባቸው። ሹፌራችሁን የመኪና መብራት ዓይናቸው ላይ እንዳያበራ ንገሩት። ልጅ ጅብ አብላው ካልፈቀደ አይቅረብ። ለመዳሰስ እጅ አትዘርጉ። ሥጋው ሲያልቅ "ትንሽ ጨምር" እያላችሁ በገንዘብ አትጎትጉቱት።

ልጄ ሥጋ ያለበትን እንጨት ይዛ አንዷን አበላች። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጅቧ ሥጋዋን ነጥቃ ዞር አለችና ወደ ጨለማው ገባች። ልጄም ያንኑ ጥያቄ ጠየቀች። ጅብ አብላው በእጁ ወደ እርሻው በኩል አሳያት። "እዚያ ወዲያ ነው፤ የቱ ጋ እንደሆነ እኔም አላውቅም" አላት።

ምሽት አንድ ሰዓት ላይ እዚያ ብትደርሱ ጥሩ ነው። ከድሬ ሙቀት ስለምትወጡ ለልጆቹ ጃኬት አትርሱ፤ ሐረር ማታ ይበርዳል። ሲያልቅ ወደ ድሬ የሚመለስ ሚኒባስ ስለማታገኙ ማደሪያችሁን ቀድማችሁ ያዙ።